የፍየል መኖ በአዳማና አካባቢዋ

ጥያቄ፦ በአዳማ ከተማ ጥቂት ፍየሎችን የሚያደልብ ሰው፣ ጥራት ያለው መኖ በተመጣጣኝ ዋጋ ከየት ሊያገኝ ይችላል?

መልስ፦ በስምጥ ሸለቆ የመኖ ወጪ የሚቀንሰው፣ በከረጢት ከሚሸጠው ቅይጥ መኖ በፊት በአካባቢው ያለው ተረፈ ምርት ሲታሰብ ነው። ከዱቄት ፋብሪካ የሚወጣው ፉርሽካ፣ ማለትም የስንዴው ልጣጭ፣ በዋናነት ኃይል ሰጪ ሲሆን፣ ፋጉሎ የሚባለው፣ የኑግ ዘይት ሲጨመቅ የሚቀረው ተረፈ ምርት ደግሞ ከመቶ 30 ገደማ ፕሮቲን ስላለው፣ ሁለት እጅ ፉርሽካ ከአንድ እጅ ፋጉሎ ጋር ተደባልቆ፣ ከትንሽ ተጀምሮ ቀስ በቀስ በቀን እስከ 300 ግራም ቢሰጥ ለአንድ መካከለኛ ፍየል ይበቃል። የዕለቱ ዋና ቀለብ ግን ድርቆሽና ገለባ መሆን አለበት፤ እህል በድንገት የበዛለት ፍየል ሆዱ ይነፋል።

ከገለባዎች የቦሎቄው ከጤፍና ከስንዴ ጭድ በፕሮቲን የሚሻል ሲሆን፣ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባለው መስመር ቦሎቄ በስፋት ስለሚመረት አጨዳው እንዳበቃ መግዛት ያዋጣል። በበጋ ከግራር ሥር የሚለቀመው ፍሬም፣ መኖ ነጋዴ ባያነሳውም፣ ተፈጭቶ ሲቀርብ ከፋጉሎው ድርሻ የተወሰነውን ይተካል።

ጥራትን በሚመለከት፣ ፋጉሎ ከመገዛቱ በፊት ቁራጩ በእጅ ተሰብሮ ሊሸተት ይገባል፤ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ሻጋታ የታየበት፣ ጉበትን የሚጎዳ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊይዝ ስለሚችል፣ በርካሽ ቢቀርብም አይገዛም።