መርፌ ሲሰበር ማን ይነግርሻል?

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ! በልብስ ስፌት ፋብሪካ ከኦፐሬተርነት ተነስተሽ የላይን ሱፐርቫይዘር መሆን ቀላል አይደለም። ሹመት ሲመጣ ግን መካሪው ይበዛል። «ቆፍጠን በይ፤ ካልጮህሽባቸው አይሰሙሽም» የሚልሽ አይጠፋም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ የሚተርትልሽም ይኖራል። ሁለቱንም በዚህ ጆሮሽ ሰምተሽ በዚያኛው አውጪው። እኔ ጥሩ አለቃን የምለየው በአንድ ነገር ነው፦ ነገር ሲበላሽ ሠራተኛው ወደ እሷ ይሮጣል ወይስ ከእሷ ይሸሻል?

መርፌን እንውሰድ። አንዲት ልጅ ወፍራም ስፌት ላይ ስትደርስ መርፌው ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ ማሽኑ ይቆማል፣ ስባሪው አንድ በአንድ ይለቀማል፣ ተገጣጥሞ ሙሉ መርፌ መውጣቱ ይታያል፣ መዝገብ ላይ ይለጠፋል፤ አዲስ መርፌ የሚሰጣት ከዚያ በኋላ ነው። አንዲት ቅንጣት ከጠፋች አካባቢው ያለው ልብስ ሁሉ ይፈተሻል። ይሄ ሁሉ ሲሆን የሰዓቱ ታርጌት ይጎድላል። እንግዲህ ያቺን ልጅ አስቢያት። ባለፈው ሳምንት ጓደኛዋ በሰው ፊት ስትሰደብ አይታለች። ግራ ቀኟን ታያለች፣ ያገኘችውን ስባሪ ኪሷ ትከታለች፣ «ሆድ ይፍጀው» ብላ ትቀጥላለች። የቀረችው ቅንጣት የሕፃን ሸሚዝ ኮሌታ ውስጥ ተሰፍታ ታልፋለች። የብረት መፈተሻው ከያዛት ተመስገን ነው። ካልያዛትና ልብሱ በኮንቴይነር ጅቡቲ ከደረሰ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው። መርፌውን ያስደበቃት ያለፈው ሳምንት ስድብ ነው።

ስለዚህ «መርፌ ተሰበረብኝ» ብላ ለመጣችው የመጀመሪያ ቃልሽ «እጅሽን አልወጋሽም?» ይሁን። ላይኑ በሙሉ ጆሮውን አቁሞ ይሰማሻል። ከዚያ መካኒኩን ጥሪና ምክንያቱን አብራችሁ ፈልጉ። የመርፌው ቁጥር ከጨርቁ ውፍረት ጋር አልሄደ ይሆናል፣ የማሽኑ ታይሚንግ ተዛብቶ ይሆናል፣ ልጅቷም ጨርቁን እየጎተተችው ይሆናል። የመጨረሻው ከሆነ ቁጭ ብለሽ አሳያት።

ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ማንኛውም ሠራተኛ ችግር ሲያይ የሚስበው ገመድ አለ። ገመዱ ሲሳብ ቡድን መሪው ይመጣል፤ ችግሩ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። የቶዮታ ዓይነቱ የሥራ ማሻሻያ ዘዴ፣ ካይዘን፣ ወደ እኛ አገር ከገባ ቆይቷል፣ የካይዘን ኢንስቲትዩቱም ከተቋቋመ ዓመታት አልፈዋል፤ «አምስቱ ማ» በየፋብሪካው ግድግዳ ተለጥፏል። ወረቀት መለጠፍና ገመድ መስቀል ለማንም አይከብድም። ከባዱ ገመዱን የሳበችው ልጅ የማትሰደብበት ላይን መፍጠር ነው። እሱ ደግሞ ያንቺ ሥራ ነው።

ከላይ ግፊት እንዳለብሽ አውቃለሁ። የአዳማው ኢንዱስትሪ ፓርካችን መስከረም 2011 ሲመረቅ ለጅቡቲው ባቡርና ለፍጥነት መንገዱ ቅርብ መሆኑ ትልቅ ተስፋ ነበር። ታኅሣሥ 2014 ላይ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ስትታገድ ልብስ ያለ ቀረጥ አሜሪካ መግባቱ ቀረ። ትዕዛዝ ሲቀንስ ወሬው ይበዛል፤ «ሊቀንሱን ነው»፣ «ሼዱ ሊዘጋ ነው» ይባላል። እንዲህ ባለ ጊዜ የምታውቂውን በግልጽ ንገሪያቸው፣ የማታውቂውን «አላውቅም፣ እጠይቃለሁ» በይ፤ መልሱንም ሳትረሺ አምጪላቸው። ማኔጀሩ ጠዋት ቢቆጣሽ ቁጣውን እዚያው ቢሮው ትተሽ ትእዛዙን ብቻ ይዘሽ ውረጂ። ታርጌቱ ከሰው አቅም በላይ ከሆነ ደግሞ ላይ ሄደሽ አታልቅሺ። ሰዓት ይዘሽ እያንዳንዱ ስፌት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ለኪና ወረቀቱን ፊቱ አስቀምጪለት። ካንቺ በታች ያሉት እውነቱን እንዲነግሩሽ ከፈለግሽ አንቺም ከበላይሽ ፊት እውነቱን ስትናገሪ ይዩሽ።

ሕጉንም እወቂው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ገዝተሽ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያው ቀን 1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። በንዴት «ደመወዝሽን አስቆርጥሻለሁ» አትበዪ፤ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ካልፈቀደ፣ ፍርድ ቤት ካላዘዘ ወይም ሠራተኛዋ በጽሑፍ ካልተስማማች ደመወዝ አይነካም።

ሥራዋን እንዳታጣ ፈርታ እርግዝናዋን የምትደብቅ ልጅ ታጋጥምሻለች። ነፍሰ ጡር ማታ አትሠራም፣ ትርፍ ሰዓትም አትገባም፤ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አላት። ይህን አንቺ ቀድመሽ ካወራሽላት እሷም ቀድማ ትነግርሻለች። አንዷ ደግሞ መጥታ «እገሌ እየነካካ አስቸገረኝ» ካለችሽ፣ በፈጠረሽ፣ «ቻይው» እንዳትዪያት። ከእሷ ጋር ሆነሽ ለሰው ኃይል ክፍሉ በጽሑፍ አስገቢ። አንዷን «ቻይው» ካልሽ ሌላዋ ሁለተኛ አትነግርሽም።

ላይንሽ ላይ ከአርሲ የመጣች አለች፣ ከወላይታ የመጣች አለች፣ አዳማ ተወልዳ ያደገችም አለች። ጠዋት «እንደምን አደራችሁ»ም «አካም ቡልተን»ም በዪ። ሥራ ስታስረዪ ራሷን የነቀነቀች ሁሉ ገብቷታል ማለት አይደለም፤ አፍራም ይሆናል። «እስቲ አንድ ሰፍተሽ አሳዪኝ» በያት። አብራሽ ቤት ለተከራየችው ጓደኛሽ ቀላሉን ስፌት እየሰጠሽ ለሌላዋ ከባዱን አትጫኚ፤ አድልዎ ከጩኸት በባሰ አፍ ያዘጋል።

ዘገምተኛዋንም አትጣያት። የበቆጂዋ ሯጭ ደራርቱ ቱሉ በ2009 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ማራቶን ተፎካካሪዋ ፓውላ ራድክሊፍ ስትደክም ዞር ብላ አበረታታቻት፤ ውድድሩን ያሸነፈችውም ራሷ ደራርቱ ናት። አዲስ የገባችውን ልጅ ጎበዝ ኦፐሬተር አጠገብ አስቀምጫት፤ ለሷ የምትሰጫት ጊዜ ታርጌትሽን አይበላውም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልንገርሽ። ወር ሙሉ አንድም መጥፎ ወሬ ካልመጣልሽ ላይኔ ሰላም ነው ብለሽ እንዳትኮሪ። መርፌ የማይሰበርበት፣ ልጅ የማይታመምበት ሼድ የለም። ወሬው ከቀረ እየደበቁሽ ነውና ቢሮ አትቀመጪ፤ ወርደሽ በየማሽኑ ዞረሽ ጠይቂ።