ስለ ንግግር ዲስፕራክሲያ
(አሳቡ ሳይጎድል አፍ ሲዘገይ)

ካዛንቺስ የሚለው ስም ከኢጣልያንኛ እንደ መጣ ብዙ ሰው ያውቃል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ኢጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ የሚሠራ ድርጅት ነበራቸው፤ ስሙም ባጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ነበር። «ካዜ» ማለት ቤቶች ማለት ነው። «ካዜ ኢንቺስ» የተባለውን የአዲስ አበባ ሰው እንደ አፉ አመቻችቶ «ካዛንቺስ» አደረገው። ማንም አልሳቀበትም፤ እንዲያውም አጠራሩ ትክክለኛ ስም ሆኖ በካርታ ላይ ተጻፈ። እኛ ደግሞ በዚሁ ሰፈር ስናድግ ስሙን አንድ ቀን «ካንዛቺስ»፥ አንድ ቀን «ታዛንቺስ»፥ አንዳንድ ቀን ደግሞ ደኅና አድርገን «ካዛንቺስ» እንል ነበር። የእኛ አጠራር ግን ካርታ ላይ አልወጣም፤ ያተረፈልን ሳቅ ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ስለዚሁ ችግር፥ ማለት ስለ ንግግር ዲስፕራክሲያ ነው። አንባቢ ሆይ፥ የምንጽፈው ሐኪሞች ሆነን አይደለም። የጥበባት ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን፤ ነገሩን የምናውቀው ከመጽሐፍ ይልቅ በራሳችን አፍ ነው። በመጽሐፍ ያገኘነውንም ጨምረናል።

ቃሉ ከግሪክኛ የተወሰደ ነው። «ፕራክሲስ» ድርጊት ሲሆን «ዲስ» መታወክን ወይም መቸገርን ያመለክታል። ጀርመናዊው ሐኪም ሁጎ ሊፕማን እ.ኤ.አ. በ1900 እጁ ሽባ ሳይሆን የታዘዘውን እንቅስቃሴ ማድረግ ስለ ተሳነው በሽተኛ ጽፎ ነበር። ጡንቻው ደኅና ነው፤ ትእዛዙንም ሰምቷል፤ ይሁን እንጂ አሳቡን ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው ሥርዓት ተናግቷል። የዚያ ሰው ችግር በበሽታ የመጣ ነበር፤ እኛ የምንናገርለት ግን ከልጅነት ጀምሮ አብሮ የሚያድገው ነው። በንግግር ሲሆን ምላስ፥ ከንፈር፥ ላንቃና ትንፋሽ የየራሳቸው ጕድለት ሳይኖርባቸው ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚንቀሳቀስ የሚደነግገው ዕቅድ ይዘባረቃል። ከአንድ ሺህ ሕፃናት አንዱ ወይም ሁለቱ እንዲህ እንደሚሆኑ ይገመታል።

በአገራችን ቋንቋ አጥርቶ መናገር የተቸገረውን ሁሉ «ኮልታፋ» ወይም «ተብታባ» እንለዋለን፤ ከሁለቱም ስም ግን ይህ ችግር ያመልጣል። ኮልታፋ የሚባለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚስታት ፊደል የታወቀች ናት፤ «ረ»ን «ለ» ካለ ነገም «ለ» ይላታል። ተብታባው ቃሉን ይዞታል፤ መጀመሪያው ላይ ይደጋግማል ወይም ይታገዳል። የእኛ ስሕተት ግን የዛሬው ከትናንትናው አይመሳሰልም። ቃሉ በረዘመ ቍጥር ይብሳል። ከንፈርና ምላስ ቦታቸውን ሲፈልጉ በግልጥ ይታያል፤ የንግግሩም ዜማ ይጠፋና ቃሉ አንድ በአንድ እንደ ተቈረጠ እንጨት ይወጣል።

ከሁሉ ይልቅ ያሳማን የሚከተለው ነው። በልማድ የሚወጣ ንግግር፥ ለምሳሌ ቍጥር መቍጠር፥ ሰላምታ፥ የተሸመደደ ጸሎት፥ ታስቦ ከሚነገረው ብዙ ጊዜ ይቀላል። ስለዚህ ልጁ አቡነ ዘበሰማያትን ሳያደናቅፍ ይወርደዋል፤ ወዲያው «ስምህ ማነው?» ሲባል አፉ ይያያዛል። ያየ ሰው ምን ይላል? «ሲፈልግ ይናገራል፤ ዐመሉ ነው» ይላል። እናታችን ግን እንዲህ አላለችም። ቅዱስ ቂርቆስ የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ በመኰንኑ ፊት ደፍሮ እንደ መሰከረ በትውፊት የሚነገረውን አስባ ወደ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወስዳ ጠበል አስጠመቀችን። ጠበሉ እጅግ ይቀዘቅዝ ስለ ነበር «በረደኝ!» ብለን ጮኽን፤ አንዲት ፊደል አልሳትንም። እርስዋም ያን ቀን በደስታ አለቀሰች። በማግሥቱ «በረደኝ» በል ስንባል አቃተን።

ስለ መንሥኤው ጥቂት እንበል። በሎንዶን በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ፥ በሦስት ትውልድ፥ ከአባላቱ እኩሌታ የሚሆኑት ይህ ችግር ነበረባቸው። ሊቃውንት የቤተ ሰቡን ደም መርምረው እ.ኤ.አ. በ2001 ፎክስ ፒ ቱ በተባለው ዘረ መል ላይ የደረሰ ለውጥ አገኙ። በአብዛኞቹ ባለ ችግሮች ዘንድ ይህ ለውጥ የለም፤ ቢሆንም ነገሩ ከአእምሮ አሠራር እንጂ ከእናት አስተዳደግ፥ ከስንፍና ወይም ከሰው ዓይን የመጣ አለመሆኑ በዚህ ታውቋል።

አሁን ወደ አማርኛ እንመለስ፤ የፋኩልቲያችን ጉዳይ ነውና በዚህ ላይ መቈየት እንፈልጋለን። በውጭ አገር የተጻፈው ትምህርት ባመዛኙ የእንግሊዝኛ ተናጋሪን የሚመለከት ነው። አማርኛ የራሱ መሰናክል አለው። አንደኛ፥ የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ ትርጕም ይለውጣል። «አለ» ላልቶ ሲነገር «ተናገረ» ነው፤ ጠብቆ ሲነገር «ይገኛል» ማለት ነው። «ገና» ላልቶ «እስካሁን አልሆነም» ሲሆን ጠብቆ በዓሉ ነው። ድምፁን የመያዝና የመልቀቅ ጊዜ የሚዛባበት ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ሳያስበው ይሻገራል። ፊደላችን ደግሞ መጥበቅን አያሳይም፤ ስለዚህ ሕፃኑ ከጽሑፍ እንኳ ርዳታ አያገኝም።

ሁለተኛው ይከብዳል። ግሣችን ከፊትም ከኋላም እየተለጠፈበት አንድ ቃል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሆናል፤ «አላስተዋወቃቸውም» የሚለውን ያስቧል። ይህ ረጅም ቃል ደግሞ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ማን እንዳደረገ፥ አድርጎ እንደ ሆነ ወይም አላደረገ እንደ ሆነ የሚታወቀው ግሡ ሲደርስ ነው። ስለዚህ የሚቸገረው ተናጋሪ ትልቁ ተራራ ሥር የሚደርሰው የሰሚው ትዕግሥት ባለቀበት ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ ሰሚው «ልርዳው» ብሎ ግሡን ራሱ ይጨምርለታል።

ይህ ርዳታ ምን እንደሚያደርስ በራሳችን አይተናል። አንድ ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ቆመን «ኮርሱን አላቋረጥኩም» ለማለት ፈለግን። «ኮርሱን አ… አ…» ስንል ጸሐፊው በቅንነት «አቋረጥኩ ነው የምትለው? እሺ» ብሎ ጻፈ። «አይደለም» ማለት ነበረብን፤ እርሱም ራሱ ቃል ነው። ራሳችንን ነቀነቅን፤ ጸሐፊው ግን ወደ መዝገቡ አቀርቅሮ ነበር። ከኋላችን ሰልፍ ነበረ። ወጣን። ያቺን «አል» እና «ም» ለማስመለስ ሁለት ሳምንትና ሦስት ማመልከቻ ፈጀብን።

በታክሲም እንዲሁ ነው። ከአራት ኪሎ ተሳፍሮ ካዛንቺስ የሚወርድ ሰው «ወራጅ አለ» ለማለት ያለው ጊዜ ከሦስትና ከአራት ሰከንድ አይበልጥም። እኛ ከመንገዱ ግማሽ ጀምረን በሆዳችን እንለማመዳለን። ስንቴ አልፈነው መስቀል አደባባይ ወርደን በእግር እንደ ተመለስን አልቈጠርንም። አሁን ሂሳብ ስንከፍል መውረጃችንን በስልክ ጽፈን ለረዳቱ እናሳየዋለን። አንዳንዱ ረዳት መስማት የተሳነን መስሎት በምልክት ይመልስልናል፤ ከመሳቅ በቀር ምን ይደረጋል?

በዩኒቨርሲቲ ግን የሚያስቅ አይደለም። የቃል ገለጻ ለውጤት ይታሰባል። አንድ ጊዜ ሦስት ሌሊት ያዘጋጀነውን ሥራ ይዘን ወጥተን አራት ዓረፍተ ነገር ሳንጨርስ «ሳትዘጋጅ መጥተሃል፤ ተቀመጥ» ተባልን። ወረቀቱን ያነበበው አልነበረም። እኛ የምንለው ገለጻ ይቅርልን አይደለም። ጊዜ ይጨመርልን፤ ወይም ጽሑፉን ሌላ ተማሪ ያንብብልንና ጥያቄውን እኛ በጽሑፍ እንመልስ ነው። እንዲህ ቢደረግ የሚመዘነው ዕውቀቱ ይሆናል። ማኅበራችን ይህን ለፋኩልቲው በደብዳቤ ቢያቀርብልን ከእኛ ሌላ የሚጠቀሙ ተማሪዎች እንዳሉ እናውቃለን፤ ዝም ስለሚሉ አይታወቁም።

መድኃኒት አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። የሚዋጥ መድኃኒት የለውም፤ ልምምድ ግን ይረዳል። ልምምዱም ፊደልን ለብቻ መደጋገም ሳይሆን ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው መሻገርን፥ ቃሉን ሙሉውን፥ በዝግታና በምት፥ በቀን ጥቂት ጥቂት ደጋግሞ መያዝ ነው። በዚህ ረገድ የወይዘሮ ዘሚ የኑስን ሥራ ማንሣት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት፥ በ2021ም ያረፉት እኒህ እናት፥ የራሳቸውን ልጅና ሌሎችን ሕፃናት ለማናገር «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለ ዘዴ አዘጋጅተው ነበር። ኦቲዝምና ዲስፕራክሲያ አንድ አይደሉም፤ ቢሆንም በገዛ ፊደላችን አፍን ማሠልጠን እንደሚቻል ማሰባቸው ለእኛም ይበጃል። የፊደል ገበታ ተነባቢንና አናባቢን አጣምሮ የያዘ የመሻገሪያ ገበታ ነውና።

ከሰሚው በኩል የሚፈለገው ጥቂት ነው። ቃሉን አይጨርሱልን። «አይዞህ፥ ቀስ በል» አይበሉን፤ ቀስ ካልነው በላይ ቀስ ማለት አይቻልም። ካልገባዎ የገባዎ መስለው ራስዎን አይነቅንቁ፤ የገባዎን ያህል መልሰው ይንገሩንና የቀረውን ይጠይቁ። ከካዛንቺስ ቍልቍል ባለው የአፍሪካ አዳራሽ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ሲፈረም መሪዎቹ በአስተርጓሚ ይደማመጡ ነበር። የአንዱ ቃል እስኪደርሰው ሌላው ጠበቀ፤ ይህም ለማንም ነውር አልሆነም።

እንዲህ የሚሰሙ ሰዎች በሰፈራችን ነበሩን። ባለ ሱቁ ጋሼ ከልጅነታችን ጀምረው አፋችንን ተምረውት ነበር፤ ስንጀምር እጃቸውን ከሚዛኑ አንሥተው ይጠብቃሉ፤ ሌላ ገዢ ቢቸኵል «ተራው የእርሱ ነው» ይላሉ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ጎረቤቱ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ቦታ ሄደ፤ እኛ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ቤት ተከራይተን ቀረን። ሰው ከሰፈሩ ሲነሣ ዕቃውን ይጭናል፤ ሃያ ዓመት የሰማውን ጆሮ ግን የሚጭንበት መኪና የለም። ለአዲሱ ባለ ሱቅ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምረናል። ልጅ እግር ነው፥ ይቸኵላል። ባለፈው ሳምንት «ሻማ» ስንለው ሻይ ቅጠል አወጣልን፤ ራሳችንን ስንነቀንቅ ግን አየና መለሰው፤ ክርኑን በባንኮኒው ላይ አሳርፎም «እሺ፥ እንደገና በለው» አለን።