ተምችና የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አዝመራ

ከድርቅ በኋላ ዝናብ መጣሉ ብቻውን የችግር ማብቂያ አይደለም። ደርቆ የቆየ መሬት በድንገት ሲለመልም ከሚከተሉት አደጋዎች አንዱ ተምች ነው። ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆዎች በሚዘልቀው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር ዘሩን በብድር ያገኘ ገበሬ ቡቃያውን በተምች ቢያጣ እንደገና የሚዘራው አይኖረውም።

ተምች የአንድ የእሳት ራት እጭ ነው። የእሳት ራቷ እንደ ቢራቢሮ በቀን ሳይሆን በሌሊት ትበራለች፤ በነፋስ እየታገዘችም በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ትጓዛለች። ዝናብ በጣለበት ሥፍራ አርፋ በመቶ የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች። እንቁላሎቹ ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላሉ። እጩም 6 ደረጃዎችን አልፎ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያም አፈር ውስጥ ገብቶ ሙሽሬ ይሆናል፤ በመጨረሻም ክንፍ አውጥቶ ይበራል።

እጩ በመጀመሪያ ትንሽና አረንጓዴ ስለሆነ ከዓይን ይሰወራል። ቁጥሩ ሲበዛ ይጠቁራል፤ በመንጋም ይጓዛል። ከሚያጠፋው ቅጠል አብዛኛውን የሚበላው በመጨረሻዎቹ 2 ደረጃዎች ነው። ስለሆነም ጥቁሩ መንጋ ከታየ በኋላ ለመከላከል የሚቀረው ጊዜ ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ምግቡ ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ስንዴ፣ ገብስና ሣር ሲሆን ጥራጥሬን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። ሣሩ ሲጠፋ በድርቅ የከሳው በሬ ግጦሽ ያጣል። ዘርና በሬ በአንድነት ሲጠፉ ደግሞ ቤተሰቡ ቀዬውን ለመልቀቅ ይገደዳል።

በ2009 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባው የአሜሪካ ተምች ከነባሩ ይለያል፤ ይኸኛው በይበልጥ በቆሎን ያጠቃል፤ በእምቡጥ ቅጠሉ ውስጥም ተሸሽጎ ይበላል።

ጉዳቱን ለመቀነስ የሚከተሉት ተግባሮች ይጠቅማሉ።

1. ዝናብ ከጣለበት ቀን አንሥቶ ቡቃያውንና በአካባቢው ያለውን ሣር ዘወትር መመርመር፤

2. መንጋው ወደ ማሳ ከመድረሱ በፊት ግድግዳው ቀጥ ያለ ቦይ ቆፍሮ የገባውን መግደል፤

3. ፀረ ተባይ የሚረጨው እጩ ትንሽ ሳለ መሆኑን ማወቅ፣ በተረጨበት ሥፍራም ከብት አለማሰማራት፤

4. ቡቃያው ከጠፋ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ምስር መዝራት፤

5. ዘርን በሙሉ በአንድ ጊዜ አለመበተን።

በተለይም የመጨረሻው ምክር ለተቸገረ ገበሬ ከባድ ቢሆንም፣ የተረፈችው ጥቂት ዘር የሚቀጥለው ዓመት ቀለብ መሆኗን መዘንጋት አይገባም።