የሕዝብ ቆጠራ መረጃን በኢንተርኔት የሚሰበስብ የተማሪዎች ፕሮጀክት አሠራር፦ በቁይና በአካባቢዋ ማሳያነት

አኅጽሮተ ጽሑፍ

የሕዝብ ቆጠራ መረጃን በድረ ገጽ መሰብሰብ ለኮምፒዩተር ሳይንስና ለኢንፎርሜሽን ሲስተም ተማሪዎች የሚመች የፕሮጀክት ርእስ ነው። ቅጹ የታወቀ፣ ተጠቃሚውም ግልጽ ይመስላል። ይህ ጽሑፍ ግን የሥራው ዋና ችግር ያለው ቅጹ ላይ እንዳልሆነ ያስረዳል። ቆጠራ የሚለካው በሰበሰበው መረጃ ብዛት ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜም ብቻ መቆጠሩን ማሳየት በመቻሉ ጭምር ነው። ስለዚህ የመረጃ ቋቱ ንድፍ ከሰው ሳይሆን ከቆጠራ ቦታ መነሣት ይኖርበታል። ሐሳቡ በምሥራቅ ጎጃም ዞን የደባይ ጥላትግን ወረዳ ከተማ በሆነችው በቁይና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ሁኔታ ተገናዝቦ ቀርቧል። ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. መግቢያ

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 103 መሠረት የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል፤ የምርጫ ክልሎች ወሰንም የሚወሰነው የቆጠራውን ውጤት መሠረት በማድረግ ነው። የመጀመሪያው ቆጠራ በግንቦት 1976፣ ሁለተኛው በጥቅምት 1987፣ ሦስተኛው በግንቦት 1999 ተካሂደዋል። በሦስተኛው ቆጠራ የአፋርና የሶማሌ ክልሎች የተቆጠሩት ዘግይተው በኅዳር 2000 ነበር። በ1987 ከ53 ሚሊዮን በላይ የነበረው የአገሪቱ ሕዝብ በሦስተኛው ቆጠራ ወደ 74 ሚሊዮን ተጠግቷል።

አራተኛው ቆጠራ በ2010 ሊካሄድ ታቅዶ ተራዘመ። በ2011ም ዝግጅቱ ከቀጠለ በኋላ የፌዴሬሽን ምክር ቤትና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሰኔ ወር ባደረጉት የጋራ ስብሰባ እንደገና እንዲራዘም ወሰኑ። ለዚህ ቆጠራ ወረቀቱን በታብሌት ለመተካት ታስቦ 180 ሺህ ያህል ታብሌቶች ተገዝተው ነበር። መሣሪያው ተሟልቶ ቆጠራው መቅረቱ ለተማሪ ፕሮጀክት አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ ቴክኖሎጂ የቆጠራ አንድ ክፍል እንጂ ራሱ ቆጠራው አይደለም።

2. ጉድለት የሚመጣው ከየት ነው?

በሦስተኛው ቆጠራ የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ተመዘገበ። ቁጥሩ ቀደም ሲል ከተሠራው ትንበያ ከ2 ሚሊዮን በላይ ያነሰ ነበር። የአገሪቱ ዓመታዊ የሕዝብ ዕድገት 2.6 በመቶ ሲሆን የክልሉ 1.7 በመቶ ሆኖ መገኘቱም በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጭምር አከራከረ። እንዲህ ላለ ልዩነት ቢያንስ ሦስት ማብራሪያዎች ሊቀርቡ ይችላሉ፤ ትንበያው ተጋንኖ ነበር፣ ወሊድና ፍልሰት ተለውጠዋል፣ ወይም ሰው ሳይቆጠር ቀርቷል። ሦስቱን ለመለየት ቆጣሪው የት እንደ ደረሰና የት እንዳልደረሰ የሚያሳይ ዝርዝር ማስረጃ ያስፈልጋል። የተሞሉ ቅጾች ብቻቸውን ይህን አይናገሩም፤ የሚመሰክሩት ስለ ተገኙት ሰዎች ብቻ ነውና።

የሌሎች አገሮች ልምድም ይህንኑ ያጠናክራል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 2016 ቆጠራዋን በዋናነት በኢንተርኔት ስታካሂድ ድረ ገጹ በዚያው ምሽት ተዘግቶ ለ40 ሰዓታት ያህል ሳይከፈት ቆይቷል። ጉዳቱ ከባድ ቢሆንም ለሁሉም የሚታይ ስለ ነበር ሊታረም ችሏል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ነዋሪዎች በኢንተርኔት፣ በስልክ ወይም በአካል እንዲቆጠሩ ሦስት አማራጮች አቀረበች። ከቆጠራው በኋላ በተደረገው የማረጋገጫ ጥናት ግን 31 በመቶ ያህል ሰው ሳይቆጠር መቅረቱ ታወቀ። የመጀመሪያው ብልሽት ራሱን በራሱ ያሳወቀ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጉድለት የታወቀው የሚፈልገው ሌላ ጥናት ስለ ነበረ ነው። የተማሪ ፕሮጀክት ይበልጥ ሊጠነቀቅለት የሚገባው ይህን ዓይነቱን ጉድለት ነው።

3. ከቦታ የሚነሣ ንድፍ

የተለመደው አሠራር የመግቢያ ገጽ፣ የመመዝገቢያ ቅጽና የሪፖርት ገጽ መሥራት ነው። በመረጃ ቋቱ ውስጥም «ሰው» የሚባል አንድ ሰፊ ሠንጠረዥ ይከፈታል። በዚህ ንድፍ ያልተመዘገበ ሰው በየትኛውም ስፍራ ምልክት አይተውም።

የተሻለው አማራጭ አምስት ሠንጠረዦችን በቅደም ተከተል ማደራጀት ነው። የመጀመሪያው «የቆጠራ ቦታ» ሲሆን፣ ወሰኑ በካርታ የተለየና ለአንድ ቆጣሪ የሚሰጥ ከ150 እስከ 200 የሚደርሱ ቤተሰቦችን የያዘ ክልል ነው። ሁለተኛው «መኖሪያ ቤት»፣ ሦስተኛው «ጉብኝት»፣ አራተኛው «ቤተሰብ»፣ አምስተኛው «ሰው» ነው። ቤቶቹ ከቆጠራው በፊት በቅድመ ምዝገባ ይገባሉ፤ የሚኖርባቸው ሰው መኖሩ ገና ሳይታወቅም መለያ ቁጥር ያገኛሉ። ቆጣሪው በሄደ ቁጥር የጉብኝቱ ውጤት፣ ማለትም ተቆጥሯል፣ ተዘግቷል፣ ፈቃደኛ አይደለም፣ ፈርሷል ወይም ነዋሪ የለውም የሚለው ይመዘገባል።

የአሠራሩ ጥቅም በምሳሌ ሊታይ ይችላል። በአንድ የቆጠራ ቦታ 180 ቤተሰቦች አሉ እንበል፤ እስከ መጨረሻው ቀን የደረሱት ቅጾች 162 ናቸው። ሰውን በሚያስቀድመው ንድፍ የሪፖርቱ ገጽ «162 ቤተሰቦች ተመዝግበዋል» ብሎ ያበቃል። ቦታን በሚያስቀድመው ንድፍ ግን ተቆጣጣሪው 18 ቤቶች እንደ ቀሩ፣ ከእነርሱም 11ዱ ተዘግተው እንደ ተገኙ፣ 4ቱ ፈቃደኛ እንዳልሆኑ፣ 3ቱ ጨርሶ እንዳልተጎበኙ ያያል። በማግስቱ ቆጣሪውን ወዴት እንደሚልክም ያውቃል።

ቤቶችን ለመዘርዘር በወረዳ ያሉ ሌሎች መዝገቦችን መጠቀም ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። የመሬት ይዞታ ደብተርና የጤና ኤክስቴንሽን የቤተሰብ ማኅደር ለማመሳከሪያ ይጠቅማሉ። ነገር ግን እያንዳንዳቸው ለሌላ ዓላማ የተዘጋጁ ናቸው። በመሬት ደብተሩ ላይ መሬት አልባ ወጣት በባለይዞታነት አይገኝም። ስለዚህ ከመስክ ምዝገባ ጋር ይነጻጸራሉ እንጂ ሊተኩት አይችሉም።

4. ማን የማን ቤተሰብ ነው?

በቁይና በመሰል የደጋ ከተሞች ዙሪያ «በዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?» የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ በከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስንቁ የሚመጣለት ከወላጆቹ ቤት ነው። ወላጆቹ «ልጃችን ነው» ብለው ያስቆጥሩታል፤ አከራዩም «ተከራይ አለ» ብሎ ሊያስመዘግበው ይችላል። ሁለቱም እርስ በርሳቸው ተማምነው ዝም ካሉ ደግሞ ከሁለቱም መዝገብ ይቀራል። በጎጃም የቅኔ ትምህርት ጥንታዊ መሠረት ያለው በመሆኑ ከሩቅ አገር መጥተው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ የአብነት ተማሪዎችም አሉ። እነዚህ አባወራም እማወራም በሌለበት ቤት የሚኖሩ በመሆናቸው «የቤተሰብ ኃላፊ» የሚለውን ግዴታ መስክ ካልሞላ የማያልፍ ቅጽ ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ የሚወርዱ የጉልበት ሠራተኞችም ቆጠራው በሚውልበት ወር መሠረት ወይ ከቤታቸው ወይ ከሥራ ቦታቸው ይገኛሉ።

ስለዚህ ቅጹ አንዱን ጥያቄ በሦስት መክፈል አለበት፤ በቆጠራው ሌሊት እዚህ ማን አደረ? በወትሮው እዚህ የሚኖር፣ ዛሬ ግን የሌለ ማን ነው? የሌለውስ ከሄደ 6 ወር ሞልቶታል ወይ? በማያያዝም ስለ ጨቅላ ሕፃናት፣ ስለ አረጋውያንና ስለ ቤት ሠራተኞች ለይቶ የሚጠይቅ ማስታወሻ ያስፈልጋል። የጋራ መኖሪያዎች ከቤተሰብ የተለየ ቅጽ ሊኖራቸው ይገባል።

5. ስምና ዕድሜ

አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መቆጠሩን ለማወቅ ስም ማነጻጸር የግድ ነው። በአማርኛ ግን አንድ ድምፅ በተለያዩ ፊደላት ይጻፋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በአጻጻፍ ይቀያየራሉ። አንዱ ቆጣሪ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ» ብሎ የጻፈውን ኮምፒዩተሩ እንደ ሁለት ሰው ይወስደዋል። መፍትሔው ስሙን እንደ ተነገረ አስቀምጦ፣ ለማነጻጸሪያ ብቻ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ያመጣ ሁለተኛ ቅጂ መያዝ ነው። የአገራችን ስም አወጣጥ የቤተሰብ መጠሪያ የሌለው በመሆኑ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በየራሳቸው መስክ መግባት አለባቸው። የዓለም ስምና የክርስትና ስም መለያየትም መታሰብ ይኖርበታል።

ዕድሜን በተመለከተ በብራውዘር የሚገኘው የቀን መምረጫ የሚሠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ተጠያቂው የሚያውቀው 13 ወራት ያሉትን የራሱን አቆጣጠር ነው። በ2011 ጳጉሜን 6 ቀን የተወለደ ሕፃን ጳጉሜንን በ5 ቀን ብቻ በሚያውቅ ፕሮግራም ሊመዘገብ አይችልም። ይሁንና ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ስለ ነበር 6ኛዋ ቀን ነበረች፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠርም መስከረም 11 ቀን 2019 ላይ ውላለች። ደንቡ ቀላል ነው፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። በሌላ በኩል የልደት ቀናቸውን የማያውቁ ሰዎች ዕድሜያቸውን በ0 ወይም በ5 ወደሚያልቅ ቁጥር ያጠጋጋሉ። ለዚህ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ፣ የ1983ቱ የመንግሥት ለውጥና የ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ የተዘረዘሩበት የክንውኖች መቁጠሪያ በቅጹ ጎን ቢቀመጥ ቆጣሪው «ያኔ ልጅ ነበሩ ወይስ አግብተው ነበር?» ብሎ ለመጠየቅ ያስችለዋል።

6. ኔትወርክ በሌለበት መሥራት

በገጠር ቀበሌዎች ኔትወርክ እንደሚኖር ታሳቢ ያደረገ ድረ ገጽ ለቆጠራ አይሆንም። ቅጹ በመሣሪያው ማኅደረ ትውስታ ተቀምጦ ያለ ኢንተርኔት መሞላት፣ ቆጣሪው ወደ ከተማ ሲመለስም መላክ አለበት። እዚህ ላይ አንድ የተደበቀ ስሕተት አለ። መሣሪያው ቅጹን ልኮ ሰርቨሩ ከተቀበለ በኋላ የማረጋገጫው መልእክት በመንገድ ቢቋረጥ፣ መሣሪያው እንዳልተላከ ቆጥሮ ደግሞ ይልከዋል። መለያ ቁጥር የሚሰጠው ሰርቨሩ ከሆነ አንዱ ቤተሰብ ሁለት ይሆናል። መለያው ቅጹ ሲከፈት በዚያው በመሣሪያው ላይ ከተፈጠረ ግን ሰርቨሩ ሁለተኛውን መልእክት የመጀመሪያው ድጋሚ መሆኑን ለይቶ ይተወዋል። እርማትም በቀድሞው መረጃ ላይ ከሚጻፍ ይልቅ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደ ለወጠ በሚያሳይ ተጨማሪ መስመር ቢያዝ ለኋላ ክርክር ማስረጃ ይሆናል።

7. ምስጢር ጥበቃ

ስም፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ ብሔርና የቤት መገኛ በአንድ ላይ ሲሰበሰቡ በሰው ላይ ጉዳት ሊያደርሱ የሚችሉ መረጃዎች ናቸው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ግዴታ ይጥላል። ስለዚህ ፕሮጀክቱ የሚፈተሸው በፈጠራ በተዘጋጁ ቤተሰቦች መሆን አለበት። በሚመለከተው አካል ፈቃድ የመስክ ሙከራ ቢደረግ እንኳ ብሔርና ሃይማኖት ሊወጡ፣ መረጃው በመሣሪያው ላይ ተመስጥሮ ሊቀመጥ፣ ሙከራው ሲያበቃም ሊሰረዝ ይገባል። ቆጣሪ የራሱን ቦታ ብቻ፣ ተቆጣጣሪ የጉብኝት ውጤቶችን፣ ሪፖርት አንባቢ ድምሮችን ብቻ እንዲያዩ መከፋፈልም ከመጀመሪያው ንድፍ ጋር የሚታሰብ ነው።

8. ማረጋገጫና መደምደሚያ

የፕሮጀክቱ የመጨረሻ ፈተና ገጾቹ መከፈታቸው ብቻ አይደለም፤ የራሱን ጉድለት መለካት መቻሉ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ቦታ ሌላ ቆጣሪ የመጀመሪያውን ውጤት ሳያይ በነጻነት ቢዘዋወርና 150 ቤተሰቦችን ቢመዘግብ፣ ከእነርሱም 135ቱ በመጀመሪያው መዝገብ ቢገኙ፣ እውነተኛው ቁጥር በግምት 162 በ150 ተባዝቶ ለ135 ሲካፈል የሚገኘው 180 ነው። ስሌቱ የሚሠራው ግን ሁለቱ ቆጠራዎች አንዱ ከሌላው ካልተቀዱና የቤተሰቦቹ ማዛመድ ትክክል ከሆነ ብቻ ነው። ለዚህም በክፍል 3 የተሰጠው የቤት መለያና በክፍል 5 የተገለጸው የስም አያያዝ መሠረት ይሆናሉ።

የአንድ ወረዳ የትምህርት ቤት፣ የጤና ጣቢያና የበጀት ድርሻ ዕቅድ የሚቆመው በሕዝብ ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩ ሲያከራክር ለወረዳው ነዋሪ የሚጠቅመው የትኛው ቤት እንደ ተጎበኘ፣ የትኛው እንደ ቀረና ለምን እንደ ቀረ የሚናገር መዝገብ ነው። አንድ የተማሪዎች ቡድን አገር አቀፍ ቆጠራ አያካሂድም። ባዶውን ቤት እንደ ተሞላው ቤት ሁሉ የሚመዘግብ ሥርዓት ግን በአንድ የቆጠራ ቦታ መጠን ሠርቶ ማሳየት ይችላል።