የተበከለ የድመት ምግብ ከገበያ ሲሰበሰብ ባለቤቶች ምን ማድረግ ይገባቸዋል?

እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 2007 ሜኑ ፉድስ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ከ60 ሚሊዮን በላይ የታሸጉ የድመትና የውሻ ምግቦችን ከሰሜን አሜሪካ ገበያ እንደሚሰበስብ አስታወቀ። ኩባንያው በፋብሪካዎቹ የሚያዘጋጀው ምግብ ወደ መቶ በሚጠጉ የተለያዩ የንግድ ስሞች ይሸጥ ስለነበር፣ ውዱን የገዛውም ርካሹን የገዛውም ባለቤት በአንድ ቀን ለአንድ ዓይነት ሥጋት ተጋለጠ።

ጥሪው ግን ዘግይቶ ነበር የተላለፈው። ድመቶችና ውሾች ምግቡን በልተው መታመማቸውን የሚገልጹ አቤቱታዎች ለኩባንያው መድረስ የጀመሩት በፌብሩዋሪ ወር ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት በብዙ ሺህ ቤቶች ያው ምግብ በየዕለቱ በሳህን ላይ ይቀርብ ነበር። በኋላ ለአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ በአጭር አጠራሩ ለኤፍ ዲ ኤ፣ ከሕዝብ የደረሱት ሪፖርቶች ወደ 1,950 የሚሆኑ ድመቶችና ወደ 2,200 የሚሆኑ ውሾች መሞታቸውን የሚገልጹ ነበሩ። ሁሉም በላቦራቶሪ የተረጋገጡ ባይሆኑም የአደጋውን ስፋት ያሳያሉ።

የጥሪው ዝርዝር አንድን የንግድ ስም በጠቅላላው የሚያወግዝ አልነበረም። የሚመለከተው እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 3 ቀን 2006 እስከ ማርች 6 ቀን 2007 ድረስ የተመረቱትን፣ ቁርጥራጭ ሥጋ በመረቅ የሚመስሉትን እርጥብ ምግቦች ነበር። በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት ተመሳሳይ ቆርቆሮዎች አንዱ ደኅና፣ ሌላው ገዳይ ሊሆን ይችል ነበር። ልዩነቱን የሚያሳየው በቆርቆሮው ላይ የታተመው ቀንና የምርት ባች ቁጥር ብቻ ነው። ቆርቆሮውን የጣለ ባለቤት ድመቱ የበላችው የትኛውን እንደሆነ የሚያረጋግጥበት መንገድ አልነበረውም።

መርዙ እንዴት ከምግቡ ገባ?

ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ያህል ፈጅቷል። ማርች 23 ቀን የኒው ዮርክ ግዛት ላቦራቶሪ አሚኖፕቴሪን የተባለ መርዝ ማግኘቱ ተነገረ፤ ሌሎች ላቦራቶሪዎች ግን የአደጋው መንሥኤ ይኸው መሆኑን ሊያረጋግጡ አልቻሉም። ማርች 30 ቀን ኤፍ ዲ ኤ በምግቡና ለምግቡ በዋለው የስንዴ ግሉተን ውስጥ ሜላሚን መገኘቱን አስታወቀ። ግሉተኑ የመጣው ከቻይና ነበር። ሜላሚን ፕላስቲክና የፕላስቲክ ሳህን የሚሠራበት ኬሚካል እንጂ ምግብ አይደለም።

ኬሚካሉ ከግሉተን ጋር የተቀላቀለው ለማጭበርበር ነው። የአንድን ምግብ የፕሮቲን መጠን ለመለካት ከሚያገለግሉት የተለመዱ ዘዴዎች አንዱ ዴንማርካዊው ኬሚስት ዮሃን ኬልዳል እ.ኤ.አ. በ1883 ያስተዋወቀው ነው። ዘዴው ፕሮቲኑን በቀጥታ አይለካም፤ በምግቡ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ለክቶ የፕሮቲኑን መጠን በስሌት ያወጣል። በፕሮቲን ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 16 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በሜላሚን ውስጥ ያለው ግን ከክብደቱ 66 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ስለዚህ ጥቂት ሜላሚን የተጨመረበት ደካማ ግሉተን በምርመራ ወረቀት ላይ በፕሮቲን የበለጸገ መስሎ ይታያል። በኢትዮጵያ ገበያ በርበሬን ከሸክላ አፈር፣ ቅቤን ከሙዝ ጋር ቀላቅለው ከሚሸጡት ሰዎች ድርጊት ጋር ሲነጻጸር ዓላማው አንድ ነው፤ ይህኛው ግን ዓይንን ብቻ ሳይሆን የላቦራቶሪ መሣሪያንም ለማታለል የታሰበ ነበር።

ሜላሚን ብቻውን ያን ያህል መርዛማ አለመሆኑ በመጀመሪያ ተመራማሪዎችን ግራ አጋብቷል። እንቆቅልሹ የተፈታው ሲያኑሪክ አሲድ የተባለ ሁለተኛ ኬሚካል በምግቡ ውስጥ ሲገኝ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከሁለቱ ኬሚካሎች አንዱን ብቻ የተመገቡ ድመቶች ጉዳት አልታየባቸውም፤ ሁለቱን በአንድነት የተመገቡት ግን ኩላሊታቸው በድንገት ሥራውን አቆመ። ኬሚካሎቹ ሲገናኙ በውኃ የማይሟሟ ክሪስታል ይፈጥራሉ፤ ክሪስታሉም በኩላሊት ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የሽንት ቱቦዎች ይደፍናል።

ድመት ለእንዲህ ያለው ጉዳት የተጋለጠች የሚያደርጋት አኗኗሯ ነው። ሰው በቀን የተለያየ ምግብ ስለሚበላ በአንዱ ውስጥ ያለው ብክለት ከሌላው ጋር ተደባልቆ ይቀንሳል። አራት ወይም አምስት ኪሎ የምትመዝን የቤት ድመት ግን ለወራት ከአንድ ዓይነት ቆርቆሮ ብቻ ልትበላ ትችላለች።

ማስጠንቀቂያው ለድመት ብቻ አልነበረም። በማግሥቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ያው ሜላሚን በቻይና በሕፃናት ወተት ውስጥ ተገኘ። ወደ 300,000 የሚጠጉ ሕፃናት ሲታመሙ ስድስቱ መሞታቸውን የአገሪቱ ባለሥልጣናት አስታውቀዋል።

ሌሎች አደጋዎች

ከዚያ ወዲህ የቁጥጥር ሕጎች ተሻሽለዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2011 የጸደቀው የምግብ ደኅንነት ማሻሻያ ሕግ፣ አንድ ኩባንያ አደገኛ ምግብን በፈቃዱ ካልሰበሰበ ኤፍ ዲ ኤ አስገድዶ እንዲያሰበስብ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ሥልጣኑ የእንስሳት ምግብንም ይጨምራል። ይሁንና አደጋው አልቆመም።

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በጁን 2021 የተወሰኑ ደረቅ የድመት ምግቦች ከገበያ እንዲሰበሰቡ ተደረገ። ምክንያቱ በብዙ ድመቶች ላይ የታየ፣ የደም ሴሎች ቁጥር በአደገኛ ሁኔታ የሚያሽቆለቁልበት ሕመም ነበር። የለንደኑ ሮያል ቬተርነሪ ኮሌጅ ከ500 በላይ ድመቶች መታመማቸውንና ከእነዚህም ከግማሽ በላይ መሞታቸውን ዘግቧል። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 አንዲት የቤት ድመት ኤች 5 ኤን 1 በተባለው የወፍ ጉንፋን ሞተች፤ ቫይረሱም በበላችው ጥሬና የቀዘቀዘ የተርኪ ሥጋ ምግብ ውስጥ ተገኘ። ማቀዝቀዝ ይህን ቫይረስ አይገድለውም፤ በሚገባ ማብሰል ግን ይገድለዋል።

ከጥሪው በፊት የሚደረግ ዝግጅት

ከእነዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ማስጠንቀቂያው ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ድመቷ ከበላች በኋላ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ አስቀድሞ ያስቀመጠው መረጃ ወሳኝ ይሆናል።

ደረቅ ምግብን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጦ ከረጢቱን መጣል የተለመደ ነው። የሚሻለው ምግቡን ከነከረጢቱ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ይህ ካልተመቸ የምግቡን ስም፣ የባች ቁጥሩንና የመጠቀሚያ ጊዜ ማብቂያውን በስልክ ፎቶ አንሥቶ መያዝ ይገባል። አዲስ ከረጢት ወይም ካርቶን የተከፈተበትን ቀን በላዩ ላይ መጻፍና ደረሰኙን ማቆየትም ይጠቅማል፤ ሐኪም ድመቷ መቼ ምን መብላት እንደጀመረች ሲጠይቅ መልሱ ዝግጁ ይሆናል።

ጥሪው በተሰማ ዕለት

የመጀመሪያው ሥራ በማስታወቂያው ላይ የወጡትን የባች ቁጥሮች ቤት ካለው ምግብ ጋር ማመሳከር ነው። ቁጥሩ ከገጠመ፣ ወይም ከረጢቱ ጠፍቶ ማረጋገጥ ካልተቻለ፣ ምግቡን መስጠት ወዲያውኑ መቆም አለበት። ምግቡን ለጎረቤት እንስሳ ወይም ለጎዳና ድመቶች መስጠት አደጋውን ማስተላለፍ ነው። ድመቷ የሕመም ምልክት ካላት ጥቂቱን ከነመያዣው አሽጎ ለምርመራ ማቆየት፣ የቀረውን ደግሞ በማስታወቂያው በተነገረው መሠረት መመለስ ወይም እንስሳት በማይደርሱበት ቦታ መጣል ይገባል። ብክለቱ እንደ ሳልሞኔላ ያለ ባክቴሪያ ከሆነ ለቤተሰቡም ያሠጋል፤ ሳህኑና ምግቡ የነካው ቦታ በሙቅ ውኃና በሳሙና መታጠብ አለባቸው፤ ሕፃናትም እንዳይነኩት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ከዚያ የሚመጣው ጥያቄ ድመቷ በምትኩ ምን ትብላ የሚለው ነው። ድመት ሌላ ምግብ እስኪገኝ ጾሟን ልትቆይ አትችልም። በተለይ ወፍራም ድመት ለጥቂት ቀናት ካልበላች በጉበቷ ላይ ስብ ተከማችቶ ለሕይወቷ ሊያሠጋ ይችላል። ለአንድ ቀን ሙሉ ምግብ እምቢ ያለች ድመት ሐኪም ልታይ ይገባል።

ሐበሻ ቤት ውስጥ እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ወጥ ድስት ነው። ነገር ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስሉም እንኳ፣ የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳሉ፤ ስለዚህ ወጥ ለድመት አይሰጥም። የውሻ ምግብም ቋሚ ምትክ አይሆንም፤ ድመት ለልቧና ለዓይኗ የሚያስፈልጋት ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገር በበቂ መጠን ላይኖርበት ይችላል። ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ያለ ጨውና ያለ ቅመም የተቀቀለ፣ አጥንት የሌለው ዶሮ ይበቃታል። ከዚያ በኋላ በጥሪው ውስጥ ያልተካተተ፣ ለድመት የተዘጋጀ የተሟላ ምግብ ያስፈልጋል።

ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

ማስታወክ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ መፍዘዝ፣ ከወትሮው አብዝቶ ውኃ መጠጣት፣ ሽንት መብዛት ወይም ጨርሶ መቅረት የኩላሊት ጉዳት ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ድመት ሕመሟን ስለምትደብቅ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ መጠበቅ አይገባም። ሐኪሙ በደምና በሽንት ምርመራ ኩላሊቱ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ሊያውቅ ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰባት በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሕይወቷን ሊያተርፍ ይችላል።

ቀጥሎ ጉዳዩን ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ በአሜሪካ ለኤፍ ዲ ኤ፣ በሌሎች አገሮች ደግሞ ለአገሩ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣንና ለአምራቹ። የ2007ቱም አደጋ መታወቅ የጀመረው ከየቤቱ በደረሱ አቤቱታዎች ነው። የባች ቁጥር ያለበት ሪፖርት መርማሪዎችን በቀጥታ ወደ ተመረተበት ቀንና ቦታ ይመራቸዋል፤ ጥሪው በቶሎ በተላለፈ መጠንም ያው ምግብ በሌላ ቤት ሳህን ላይ ሳይቀርብ ይቀራል።