የወቅት ፓስ ዋጋና ጥቅም፤ ለገዢም ለሻጭም የሚሆን የሒሳብ ትምህርት

የአንድን ዕቃ ዋጋ ማወቅ ለማንም ቀላል ነው፤ በወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛልና። ዕቃው ለገዢው የሚሰጠውን ጥቅም ማወቅ ግን ሌላ ሒሳብ ይጠይቃል። በዛሬው ትምህርታችን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለማስረዳት፣ ለአገራችን ገበያ እንግዳ ከሆነ ሸቀጥ ምሳሌ እናቀርባለን። ይኸውም በአሜሪካ የበረዶ ሸርተቴ ተራሮች የሚሸጠው የወቅት ፓስ ነው። ሸቀጡ እንግዳ ቢሆንም፣ የዓመት ውል ለሚዋዋል ነጋዴ ሁሉ ሒሳቡ የታወቀ መሆኑን አንባብያን ራሳቸው ይፈርዳሉ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወደዚህ ጉዳይ የመራኝ በኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨር አጠገብ በምትገኘው በኦሮራ ከተማ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ነው። በ2024 እሱና ባለቤቱ እያንዳንዳቸው በ750 ዶላር ፓስ ገዝተው ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ቅዳሜ ሥራ ያዘው፤ ሌላ ቅዳሜ መንገዱ በበረዶ ተዘጋ፤ ሌላ ቅዳሜ ደግሞ ልጅ ታመመ። በመላው ወቅት የወጡት ሦስት ቀን ብቻ ሆነ። የ2025–26 ወቅት ፓስ ለገበያ በወጣ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የሒሳብ ሰው ነዎት፤ ዘንድሮስ ልግዛ ወይስ ልተው?» ብሎ ጻፈልኝ። 1,500 ዶላር ለአንድ ሠራተኛ ቤተሰብ ቀላል ገንዘብ ስላልሆነ፣ ነገሩን በችኮላ ሳይሆን በብዕርና በወረቀት መመርመር ተገቢ ሆኖ አገኘሁት።

በመጀመሪያ የሻጩን ሐሳብ እንመልከት።

የበረዶ ሸርተቴ ንግድ ብዙ ወረት የሚጠይቅ ነው። ሰዎችን በገመድ ተሸክሞ ወደ ተራራው ራስ የሚያወጣው ሊፍት፣ በረዶውን የሚደለድለው መኪና፣ የሠራተኛውም ደመወዝ ደንበኛ ቢመጣም ባይመጣም ወጪያቸው አይቀርም። ገቢው ግን በጥቂት የብርድ ወራት የተወሰነ ከመሆኑም በላይ በሰማይ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ሻጩ በረዶው ሳይወርድ ገንዘቡን ለመሰብሰብ ይሻል።

በ1998 በአይዳሆ ግዛት የሚገኘው ቦገስ ቤዝን የተባለው ተራራ፣ 500 ዶላር ያህል የነበረውን የወቅት ፓስ ወደ 199 ዶላር አወረደው። በዚያው ዓመት በኮሎራዶ የሚገኘው ዊንተር ፓርክ አራት ሰዎች ተባብረው ሲገዙ ለአራቱም በ800 ዶላር መሸጥ ጀመረ። በ2008 ቬይል ሪዞርትስ የተባለው ኩባንያ ለብዙ ተራሮች የሚያገለግለውን ኤፒክ ፓስ በ579 ዶላር ለገበያ አቀረበ። በ2017 የተቋቋመው ተወዳዳሪው አልቴራ ደግሞ በ2018 አይኮን ፓስን በ899 ዶላር፣ አነስተኛውን ዓይነት በ599 ዶላር አወጣ።

ነገሩ በአሜሪካ ብቻ የቀረ አይደለም። በስዊዘርላንድ የሳስ ፌ መንደር የሊፍት ድርጅት በ2016፣ ዋጋው 1,050 ፍራንክ የነበረውን የወቅት ካርድ፣ 99,999 ገዢዎች ከተገኙ በ222 ፍራንክ እንደሚሸጥ አስታወቀ። ምንም እንኳ ቁጥሩ ባይሞላ፣ ድርጅቱ ባስታወቀው ዋጋ ሸጠ።

ታዲያ ሻጩ ዋጋውን ሲያወርድ በምትኩ ምን ያገኛል? ሦስት ነገር ያገኛል። አንደኛ፣ ጥሬ ገንዘብ አስቀድሞ በእጁ ይገባል። ሁለተኛ፣ በረዶ ባይወርድ የሚደርሰውን ጉዳት አብዛኛውን ወደ ገዢው ያዛውራል። ሦስተኛ፣ ደንበኛው ወደ ሌላ ተራራ እንዳይሄድ ያስረዋል። ለዚህም ሲል በጸደይ ወራት ዝቅተኛውን ዋጋ ይጠይቃል፤ ብርዱ ወራት እየቀረበ ሲሄድ ዋጋውን ደረጃ በደረጃ ይጨምራል። ቬይል ገዢውን ለማባበል 49 ዶላር ብቻ ቀብድ ተቀብሎ ቀሪውን ወደ በኋላ የሚያስተላልፍበት ጊዜም አለ።

አሁን ወደ ገዢው ሒሳብ እንለፍ። ለ2025–26 ወቅት በመጀመሪያ የወጣው የአዋቂ ሰው ዋጋ የሚከተለው ነበር፤ ኤፒክ 1,051 ዶላር፣ ኤፒክ ሎካል 783 ዶላር፣ አይኮን 1,329 ዶላር፣ አይኮን ቤዝ 909 ዶላር። ከእነዚህ መካከል የትኛው ርካሽ ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ለመመለስ ቸኩሎ አፍ መክፈት አይገባም። አስቀድሞ አራት ነገሮችን መመርመር ያስፈልጋል።

አንደኛው፣ ፓሱ ከምን ጋር እንደሚነጻጸር ነው።

በ2024–25 ወቅት በቬይል ተራራ ደንበኛ በሚበዛበት ቀን በትኬት መሸጫው መስኮት የሚጠየቀው የአንድ ቀን ዋጋ 329 ዶላር ደርሶ ነበር። ሻጩ 1,051ን ለ329 አካፍሎ፣ «በአራተኛው ቀን ገንዘብህን ትመልሳለህ» ይላል። አኃዙ ትክክል ነው፤ ንጽጽሩ ግን ለሁሉ ሰው ትክክል አይደለም። ፓስ ባይኖረው ኖሮ የእኅቴ ልጅ 329 ዶላር ከፍሎ አይገባም ነበር፤ አስቀድሞ ቅናሽ ትኬት ይገዛል ወይም ወደ ትንሹ ተራራ ይሄዳል። የዚህን ዋጋ በአማካይ 110 ዶላር ነው ብለን እንያዝ። በዚህ ሒሳብ ኤፒክ ሎካል ወጪውን የሚመልሰው በስምንተኛው ቀን፣ አይኮን ቤዝ በዘጠነኛው፣ ኤፒክ በአሥረኛው፣ አይኮን በአሥራ ሦስተኛው ቀን ይሆናል። እንግዲህ አካፋዩ መሆን ያለበት ሻጩ በመስኮቱ ላይ የሰቀለው ዋጋ ሳይሆን፣ ገዢው ፓሱ ባይኖረው በእርግጥ ሊከፍል የነበረው ዋጋ ነው።

ሁለተኛው፣ ፓሱ የተከለከለባቸው ቀናት ናቸው።

ርካሾቹ ፓሶች ሁሉን ቀን አይከፍቱም። አይኮን ቤዝ በብዙ ተራሮች በበዓላት ሰሞን አያገለግልም፤ ኤፒክ ሎካል በቬይልና በቢቨር ክሪክ የሚሰጠው የቀን ብዛት የተወሰነ ነው። በኤፒክና በኤፒክ ሎካል መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት 268 ዶላር፣ በአይኮንና በአይኮን ቤዝ መካከል ያለው 420 ዶላር ነው። ልጅ ለሌለውና በሳምንቱ መካከል ዕረፍት ለሚያገኝ ሰው ይህ ልዩነት ንጹሕ ቁጠባ ነው። የተማሪ ልጆች አባት ግን ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ቀንና ርካሹ ፓስ የማያገለግልበት ቀን ብዙ ጊዜ አንድ ሆኖ ያገኘዋል። የገናን በዓል በጥር 7 ቀን የሚያከብር የአገራችን ሰው እንኳ የአሜሪካ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በታኅሣሥ መጨረሻ ስለ ሆነ ከዚህ ችግር አያመልጥም።

ሦስተኛው፣ በፓሱ ውስጥ የማይገባው ወጪ ነው።

ፓስ የያዘ ሰው «ከእንግዲህ እያንዳንዱ ቀን ነጻ ነው» ይላል። ነጻ ግን አይደለም። ከዴንቨር ወደ ተራሮቹ በሚወስደው በ70ኛው አውራ ጎዳና ላይ የሚቃጠለው ቤንዚን፣ ምሳው፣ የመኪና ማቆሚያውና የመሣሪያ ኪራዩ በቀን 140 ዶላር ቢሆን፣ አሥር ቀን ሲወጣ 1,400 ዶላር ይሆናል። ይህም ከፓሱ ዋጋ ይበልጣል። ከዚህ የባሰው ስሕተት ደግሞ፣ «ገንዘቡ ተከፍሏልና መሄድ አለብኝ» በማለት በማዕበል መንገድ መውጣት ነው። የተከፈለ ገንዘብ ቢሄዱም ባይሄዱም አይመለስም፤ ስለዚህ የዛሬው ውሳኔ በዛሬው ወጪና በዛሬው ጥቅም ብቻ መመዘን አለበት።

አራተኛው፣ ሻጩ ግዴታውን ሳይፈጽም ቢቀር የሚሆነው ነው።

ገና ያልወረደ በረዶ መግዛት አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉትን ያስታውሳል። በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት ተራሮቹ ወቅቱ ሳያልቅ ተዘጉ። ቬይል ለፓስ ገዢዎች ለሚቀጥለው ዓመት የሚታሰብ ቅናሽ ከ20 እስከ 80 በመቶ ሰጠ፤ ከዚያም በኋላ የገንዘብ መመለሻ ዋስትና ያለ ተጨማሪ ክፍያ ከፓሱ ጋር አያያዘ። ከታኅሣሥ 27 ቀን 2024 እስከ ጥር 8 ቀን 2025 ደግሞ በዩታ ግዛት በፓርክ ሲቲ የተራራው የጥበቃና የነፍስ አድን ሠራተኞች ሥራ ስላቆሙ፣ በዋናው የበዓል ሰሞን የተራራው ብዙ ክፍል ተዘግቶ ሰነበተ። ኩባንያው ለተጎዱት እንግዶች ያቀረበው ካሣ በሚቀጥለው ወቅት ፓስ ላይ የሚታሰብ ቅናሽ ነበር። ስለሆነም ገዢ ከዋጋው በፊት ውሉን ማንበብ፣ በተለይም ገንዘብ በምን ምክንያት እንደሚመለስ፣ የሚመለሰውም በጥሬ ገንዘብ ነው ወይስ በሚቀጥለው ዓመት ዕቃ የሚለውን መመርመር ይገባዋል።

እነዚህን አራቱን ከመረመርኩ በኋላ ለእኅቴ ልጅ መልሱን ላክሁለት። ባለፈው ወቅት ሁለቱ ሦስት ቀን በ110 ዶላር ሒሳብ ቢወጡ 660 ዶላር ይበቃቸው ነበር፤ 1,500 በመክፈላቸው 840 ዶላር አጥተዋል። «ዘንድሮ ልትወጣ የምትመኘውን ሳይሆን፣ ካለፉት ወቅቶች በእርግጥ የወጣህበትን ቀን ቁጠር። ከስምንት የሚያንስ ከሆነ ፓሱን ተው፤ አስቀድሞ በቀን ብዛት የሚሸጠውን ግዛ» አልሁት። በቀን ብዛት የተወሰነ ፓስ ከ2019 ወዲህ በኩባንያዎቹ ዘንድ የተለመደ ሆኗል።

እሱም የአራት ቀን ገዛ፤ ለሁለቱ 880 ዶላር ከፈለ። ወቅቱ መልካም ስለ ሆነ አንድ ቀን ጨምረው ወጡ፤ ለዚያም ቀን ብቻ 360 ዶላር ተጠየቁ። ይህን በነገረኝ ጊዜ በምክሬ የተጸጸተ ይመስል ነበር። ሆኖም ድምሩ 1,240 ዶላር ነው፤ በ783 ሒሳብ ሁለት ፓስ ቢገዛ ግን 1,566 ይሆን ነበር። የአምስተኛውን ቀን ውድ ዋጋ ከፍሎም እንኳ 326 ዶላር ተርፎታል።

ለሻጭ ወገን ለምንሆነውም ከዚህ የምንማረው አለ። ቬይል በ2021 የኤፒክን ዋጋ በ20 በመቶ ቀንሶ ከ979 ወደ 783 ዶላር አወረደ፤ ለዚያ ወቅትም ወደ 2.1 ሚሊዮን የሚጠጋ ፓስ ሸጠ። ይሁን እንጂ ሠራተኛ ባነሰበት ተራራ ገዢ ሲበዛ ሰልፉ ይረዝማል፤ በዋሽንግተን ግዛት በስቲቨንስ ፓስ ተራራ ላይ ከ40,000 በላይ ሰዎች የአቤቱታ ፊርማ አኖሩ። ገንዘብ አስቀድሞ መቀበል ብልህነት ነው፤ የተቀበሉትን ያህል ማገልገል ሳይቻል ሲቀር ግን በሚቀጥለው ዓመት ደንበኛውን ያሳጣል።

እንግዲህ የመጋዘን ኪራይ ይሁን፣ የማመላለሻ ውል ይሁን፣ የዓመት ክፍያ የሚጠይቅ ሰው «ከዕለት ዋጋው ይህን ያህል ይቀንስልሃል» ብሎ በመጣ ጊዜ፣ ነጋዴው የራሱን መዝገብ ይክፈት። ባለፈው ዓመት ስንት ቀን ተጠቀምሁ? ውሉ ባይኖር ለማን ስንት እከፍል ነበር? በሚያስፈልገኝ ቀን ይከለከላልን? ሳይሳካ ቢቀር ምን ይመለስልኛል? ለአራቱ ጥያቄዎች መልሱን በአኃዝ ከጻፈ በኋላ ቢፈርም፣ የገዛውን ዕቃ ጥቅም አውቆ የገዛ ነጋዴ ይባላል።