ኩፍኝ ካለፈ በኋላ በአንጎል ላይ ስለሚቀር ጉዳት

ኩፍኝ የያዘው ሕፃን ትኩሳቱ በርዶለት፣ ሽፍታው ከስሞ፣ ዐይኑም ጠርቶ ከቤት በወጣ ጊዜ ወላጆቹ «ተመስገን፣ አለፈለት» ይላሉ። በአብዛኞቹ ሕፃናት ዘንድ ነገሩ እንዳሉት ነው። ነገር ግን ይህ ደዌ አንጎልን የሚነካበት፣ ይልቁንም ከተረሳ ከብዙ ዓመት በኋላ አእምሮን የሚያጠፋበት ጊዜ ስላለ፣ ልጆችን ዕለት ዕለት የሚያዩ መምህራን ቢያውቁት ይጠቅማል በማለት የሚከተለውን ጽፈናል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ፈጥኖ የሚመጣውን እንናገር። ኩፍኝ ከያዛቸው 1,000 ሕፃናት መካከል በግምት አንዱ፣ ሽፍታው በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንጎሉ ይቆጣል፤ ትኩሳቱ እንደገና ይነሣል፣ ራሱን ያመዋል፣ ይንዘፈዘፋል። አንዳንዶቹ ይሞታሉ፤ ከሚተርፉትም የመስማት ጉድለት፣ የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ ዝግመት የሚቀርባቸው አሉ። ይህ ግን በግልጥ የሚታይ ስለ ሆነ ወላጅም ሐኪምም አይስቱትም።

ሁለተኛው ዐይነት በስውር የሚሠራ ነው። የኩፍኝ ቫይረስ ከቀረው የሰውነት ክፍል ተጠርጎ ሳለ በአንጎል ውስጥ ተሸሽጎ የሚቀርበት አጋጣሚ አለ። በጊዜ ብዛትም ባሕርዩ ይለወጣል፤ እንደ ቀድሞው ሙሉ ሆኖ ከሕዋሱ ለመውጣት የሚያስችለውን ኀይል ያጣል፤ ይሁን እንጂ ከአንዱ የነርቭ ሕዋስ ወደ ጎረቤቱ እየተሻገረ መጓዙን አይተውም። ልጁ ጤነኛ መስሎ ሲጫወትና ሲማር አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ዓመት ያልፋል። ጄምስ ዳውሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1933 የዚህን በሽታ ምልክት በሞተ ልጅ አንጎል ውስጥ አይቶ የቫይረስ ሥራ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ነበር፤ ሆኖም የኩፍኝ እጅ እንዳለበት የቤልፋስት ሐኪሞች ያመለከቱት በ1967 ነው። ዛሬ በፊደላት ኤስ ኤስ ፒ ኢ ተብሎ ይጠራል።

አነሣሡ መምህርን የሚያሳስት ነው። እኔ በውጭ አገር ስማር አንድ የ11 ዓመት ልጅ ወደ ሕክምና ቤት መጣ፤ እናቱ ሁለት ደብተሮች ይዛ ነበር። በመጀመሪያው ደብተር ፊደሉ የተስተካከለ፣ ሒሳቡም ትክክል ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ በተጻፈው ሁለተኛው ደብተር ግን መስመሩ ይጠማዘዛል፣ ቃሉ እኩሌታ ላይ ይቋረጣል። በትምህርት ቤቱ «ሰነፍ፣ ግልፍተኛ» ተብሎ በተደጋጋሚ ተቀጥቶ ነበር። ጥቂት ቈይቶ እርሳስ ከእጁ ይወድቅ፣ ራሱም በድንገት ንቅንቅ ይል ጀመር፤ ያን ጊዜ ብቻ ሕመም መሆኑ ታሰበ። እናቲቱ ሲጠየቁ ልጁ በ10 ወሩ ኩፍኝ ይዞት እንደ ነበረ ተናገሩ። ያ ሁሉ ቅጣት ለምን እንደ ነበረ የጠየቁበት ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

የሰውነት መንቀጥቀጡ በየጥቂት ሴኮንዱ እየተመላለሰ ይብሳል፤ ከዚያም መናገርና መራመድ ይጠፋል። የሚፈውስ መድኀኒት እስከ አሁን አልተገኘም፤ አብዛኞቹ ምልክቱ ከታየ ከ1 እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ያርፋሉ።

መምህራን ግን ከዚህ የተነሣ እንዳይደነግጡ እንለምናለን። ትምህርቱ የወደቀበት ልጅ ሁሉ ይህ ሕመም አለበት ማለት አይደለም፤ የዐይን መድከም፣ የጆሮ መደንቈር፣ ረኀብ፣ የቤት ሐዘን ከዚህ ይልቅ እጅግ ይበዛሉ። ሆኖም እንደ ድሮው ጥቂት ነው ብሎ መተው አይገባም። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ በተደረገ ምርመራ፣ ከ5 ዓመት በታች ሳሉ ኩፍኝ ከያዛቸው ከ1,400 ያህሉ አንዱ፣ ዓመት ሳይሞላቸው ከያዛቸው ደግሞ ከ600 ያህሉ አንዱ በዚህ ደዌ ተይዞ ተገኝቷል።

መከላከያው ክትባት ነው። በአሜሪካ ከተፈቀደበት ከ1963 ወዲህ ኩፍኙም ይህ ሕመምም እጅግ ቀንሰዋል። ክትባቱ ራሱ አንጎልን ያበላሻል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን በተመረመሩት ሕሙማን አንጎል ውስጥ የተገኘው የተፈጥሮው ቫይረስ እንጂ የክትባቱ አይደለም። በአገራችን ሕፃናት የመጀመሪያውን በ9 ወር ይወስዳሉ፤ በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው በ2019 ተጨምሯል። እንግዲህ ከ9 ወር በታች ያለው ሕፃን፣ ማለት ለአደጋው ከሁሉ የበለጠ የተጋለጠው፣ ገና አልተከተበም። እርሱን የሚጠብቀው ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ታላቅ ወንድሙ ወይም እኅቱ መከተብ ነው፤ ስለዚህ በምዝገባ ጊዜ የክትባት ካርድ መጠየቅ ታናሹንም መጠበቅ ነው።

ቀድሞ ጎበዝ የነበረ ልጅ ያለ ምክንያት ወደ ኋላ ሲል፣ ጠባዩ ሲለወጥና እጁ ሲንቀጠቀጥ ያየ መምህር፣ ወላጆቹን ልጁ በስንት ዕድሜው ኩፍኝ እንደ ያዘው ይጠይቅ፤ ወደ ጸበል ቢሄዱም ወደ ሐኪም መሄዱን እንዳይተዉ ይንገራቸው። ለሐኪሙም ለውጡን መቼ እንዳየ በአጭሩ ጽፎ፣ የልጁን አሮጌና አዲስ ደብተር አብሮ ይላክ።